ከትልቁ ከተማ ወጣ ብሎ ለቤተሰብ የሚሆን ከተማ መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራው ትልቁ ከተማ ውስጥ ነው። ኪራዩ ግን አልቀመስ ብሏል፤ ልጆቹም በጠባብ ቤት እያደጉ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ዓይኑን በዙሪያው ወዳሉት አነስተኛ ከተሞች ይጥላል። ቤቱ ሰፋ ይላል፣ ጫጫታው ይቀንሳል፣ ሥራውም አይቀርም፤ ደርሶ መልስ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ አመራረጡ ላይ ነው፤ ሰው ቤቱን ይመርጥና ከተማዋን ሳይመርጣት ይገባባታል። ለመዛወር የሚያስቡ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ከምን እንጀምር? ከቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ ወይስ ከመንገዱ?

ከመንገዱ። ቤት ይታደሳል፤ ትምህርት ቤትም ቢቸግር ይቀየራል። መንገዱን ግን አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊያስተካክለው አይችልም።

መጀመሪያ በየቀኑ የምትመላለሱበትን መስመር ለዩ። በባቡር ከሆነ የባቡሩን መስመር፣ በአውቶቡስ ከሆነ የአውቶቡሱን፣ በመኪና ከሆነ ወደ ከተማው የሚያስገባውን ዋና መንገድ። ከዚያ በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ሦስት አራት ከተሞች ጻፉ። ቀጥሎ ትምህርት ቤቶቹን እዩ። ቤቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ብዙ ሰው የሚሄደው በተቃራኒው ነው። የቤት ማስታወቂያ ያያል፣ ሳሎኑን ይወደዋል፣ ከዚያ ለሳሎኑ ሲል መንገዱንም ትምህርት ቤቱንም “ይለመዳል” እያለ ያልፈዋል።

ሁለታችሁም የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ይታዩ። አንደኛችሁ በከተማው ሰሜን፣ ሌላኛችሁ በደቡብ የምትሠሩ ከሆነ፣ በአንዱ አቅጣጫ ርቆ መውጣት ለአንዳችሁ ይመችና የሌላኛችሁን መንገድ እጥፍ ያደርገዋል። እንዲህ ሲሆን መስመሮች ወደሚገናኙበት ጣቢያ የሚወስድ ቀጥታ ባቡር ወይም አውቶቡስ ያላት ከተማ ትሻላለች፤ በካርታ ላይ ራቅ ብትልም።

በየቀኑ ስንት ደቂቃ መንገድ ይቻላል?

ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም፤ መነሻ የሚሆን ግን አለ። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቼዛሬ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጽሑፍ ሰው በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ለጉዞ እንደሚያውል አስረድቷል። መነሻው የትራንስፖርት ተመራማሪው ያኮቭ ዛሃቪ ቀደም ብሎ ያገኘው ውጤት ነበር። በእግሩ የሚሄደውም፣ በመኪና የሚሄደውም የሚያጠፋው ጊዜ ብዙም አይራራቅም። መንገድ ሲፈጥን ሰው የተረፈውን ጊዜ ይዞ ቤቱ አይገባም፤ ራቅ ብሎ ይኖርበታል። ስለዚህ ለመሄጃ ግማሽ ሰዓት፣ ለመመለሻ ግማሽ ሰዓት ብላችሁ ጀምሩ።

ከዚያ ሲያልፍ ያስከፍላል። ኢኮኖሚስቶቹ አሎይስ ሽቱትሰርና ብሩኖ ፍራይ የጀርመን ነዋሪዎችን መረጃ ይዘው ሲያጠኑ፣ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ ሆኖ አገኙት። በኢኮኖሚክስ አስተሳሰብ ይህ መሆን አልነበረበትም። ሰው ረጅሙን መንገድ የሚቀበለው በሰፋ ቤት ወይም በተሻለ ደመወዝ ስለሚካስ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ካሳው ግን አልበቃም። ይህ አይገርመኝም። ሰፊ ሳሎን በጥቂት ወራት ይለመዳል። የትራፊክ መጨናነቅ ግን አይለመድም፤ በየቀኑ በሌላ መልክ ይመጣል።

የኔን አቋም ልናገር። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከበር እስከ በር 45 ደቂቃ ጣሪያው ይሁን። ባቡር ላይ ቁጭ ተብሎ የሚነበብ ወይም ሸለብ የሚደረግ ከሆነ አንድ ሰዓትም ሊገፋ ይችላል። መሪ ይዞ አንድ ሰዓት ግን ሌላ ነው። ሰውየው ቤት የሚገባው ተሟጦ ነው፤ በር ላይ የሚጠብቁት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲናፍቁት የዋሉ ልጆች ናቸው።

ሒሳቡን እንዲህ ሥሩት። ጉዞው ለመሄጃ በ30 ደቂቃ፣ ለመመለሻ በ30 ደቂቃ ቢረዝም በቀን አንድ ሰዓት ነው። በዓመት 220 የሥራ ቀን ብንይዝ 220 ሰዓት ይሆናል። ሌትና ቀኑ ሲደመር ከ9 ቀን በላይ ማለት ነው። ትንሹ ልጅ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚተኛ ከሆነ ያቺ የማታዋ ግማሽ ሰዓት ከየት እንደምትቆረጥ ግልጽ ነው። ከእራቱ፣ ከመታጠቢያው፣ ከተረቱ ላይ ነው።

ርቀቱን እንዴት እንለካው?

ከበር እስከ በር፣ በሥራ ቀን፣ በመውጫ ሰዓት። “ከመሃል ከተማ 25 ደቂቃ ብቻ” የሚል ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ባቡሩ ከጣቢያ ጣቢያ የሚፈጅበትን ሰዓት ነው። ወይም ደግሞ እሁድ ጠዋት በባዶ መንገድ የተነዳ መኪና ነው። የእናንተ ጉዞ የሚጀምረው ግን ከቢሮ ወንበራችሁ ስትነሱ ነው።

አንድ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መርጣችሁ ሞክሩት። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒዩተሩን ዘግታችሁ ተነሱ። ሊፍቱ ሞልቶ ይመጣል፤ ቀጣዩን ጠብቁ። ፌርማታው ጋ ስትደርሱ ሰልፉ የት እንደሚያልቅ እዩ። የመጀመሪያው አውቶቡስ አራት ሰው ጭኖ ይሄዳል፤ እናንተ አሥረኛ ናችሁ። በሚቀጥለው ገባችሁ፤ ቆማችሁ ተጓዛችሁ፤ ወረዳችሁ። አሁን ደግሞ ከፌርማታው እስከ ቤት ያለው አለ። መብራት አለው? ዝናብ ሲሆን ይረገጣል? የተኛ ልጅ ታቅፎ ይኬዳል? በሩ ላይ ስትደርሱ ሰዓታችሁን እዩ። የከተማዋ እውነተኛ ርቀት ያ ነው።

አማካዩን ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። የሚጎዳው መጥፎው ቀን ነው። ብዙ ቀን 40 ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ ደግሞ 90 ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ፣ ሁልጊዜ 50 ደቂቃ ከሚፈጅ መንገድ ይብሳል። የሕፃናት ማቆያው በር በአማካይ አይዘጋም፤ በሰዓቱ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ በመስመሩ የሚመላለሱ ሰዎችን ጠይቁ። ባቡሩ ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ? ሌላ መንገድ አለ? የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ላይ ነው? በየስንት ደቂቃው ይመጣል? በየ10 ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ ቢያመልጥ ምንም አይደል። በየ40 ደቂቃው የሚመጣው ካመለጠ ምሽቱ ሄደ።

ቤቱ ርካሽ ነው። በእርግጥ እናተርፋለን?

አንዳንዴ አዎ፣ አንዳንዴ በጭራሽ። የቤቱን ወጪና የመንገዱን ወጪ አንድ ላይ ካልደመራችሁ አታውቁትም። መቀመጫውን ቺካጎ ያደረገ የሰፈር ቴክኖሎጂ ማዕከል የሚባል ተቋም የቤተሰብን አቅም የሚለካው እንዲህ ነው፤ ቤትና መጓጓዣ ተደምረው ከገቢ ከ45 በመቶ ካልበለጡ ይቻላል ይላል። ቁጥሩ ከአገር አገር ሊለያይ ይችላል። አደማመሩ ግን የትም ይሠራል።

የሚረሱት ወጪዎች እነዚህ ናቸው፦ የሁለት ሰው የወር ትራንስፖርት፣ ነዳጅ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ጎማና ጥገና፣ የትምህርት ቤት ሰርቪስ፣ ወላጅ እስኪመለስ ልጅ የሚይዝ ሰው ክፍያ። ከሁሉም የሚከብደው ሁለተኛ መኪና ነው። ከተማዋ ሁለተኛ መኪና የምታስገዛችሁ ከሆነ በቤቱ ያተረፋችሁት ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያልቃል። ሰፊ ቤት ደግሞ ራሱ ወጪ አለው፤ ዕቃው፣ እድሳቱ፣ ጽዳቱ።

ይህን ሁሉ ደምራችሁ ትርፉ ትንሽ ከሆነ አትሂዱለት። ለጥቂት ገንዘብ በዓመት 220 ሰዓት አይሸጥም።

ጥሩ ትምህርት ቤት መሆኑን በምን እናውቃለን?

የፈተና ውጤት አንድ ነገር ይነግራል፤ ግን ስለ ልጆቹ ቤተሰብ የሚነግረው ስለ አስተማሪዎቹ ከሚነግረው ሊበልጥ ይችላል። ወላጆቻቸው የተማሩና ገቢያቸው የተሻለ ልጆች የበዙበት ትምህርት ቤት ውጤቱ ከፍ ማለቱ የታወቀ ነው። እኔ ብሆን ሌሎች ጥያቄዎችም እጨምራለሁ። አስተማሪዎች ይቆያሉ ወይስ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ? አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ አለ? ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ምን ይደረግለታል? ልዩ ድጋፍ የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል፤ “እንቀበላለን” የሚለው መልስ አይበቃም፤ ማን እንደሚያስተምረውና የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ።

ቦታ መኖሩን አረጋግጡ። በፍጥነት በሚያድጉ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ቶሎ ይሞላሉ። ቤቱ በር ላይ ያለው ትምህርት ቤት ቦታ ከሌለው ልጃችሁ ከተማዋን አቋርጦ ሊማር ነው። ደግሞ ከአንደኛ ደረጃ አሻግሩ። ልጁ ዛሬ አምስት ዓመቱ ቢሆንም ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ይገባል። እዚያው አለ ወይስ እሱም እንደ እናንተ ወደ ትልቁ ከተማ ሊመላለስ ነው?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ቀን መልቀቂያ ሰዓት ላይ ሄዳችሁ በሩ ጋ ቁሙ። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ወዴት ይሄዳሉ? ከሩብ ሰዓት በፊት ጀምሮ መኪኖች መንገዱን ዘግተው፣ ጡሩንባ እየነፉ፣ እያንዳንዱ ልጅ በየበሩ እየተለቀመ የሚገባ ከሆነ፣ በዚያች ከተማ በእግሩ የሚሄድ ልጅ የለም ማለት ነው። ሦስት አራት ልጆች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ እየተገፋፉ፣ ያለ ትልቅ ሰው ወደየሰፈራቸው ሲሄዱ ካያችሁ፣ መንገዱን የሚያምኑት ወላጆች አሉ። ይህን የትኛውም የውጤት ሰንጠረዥ አይነግራችሁም።

አሜሪካዊው የከተማ ዕቅድ ባለሙያ ክላረንስ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ስለ ሰፈር አሠራር ባቀረበው ሐሳብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን መሃል ላይ፣ ትልልቅ መንገዶችን ዳር ላይ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ ዋና መንገድ ማቋረጥ የለበትም። የከተማዋን ካርታ ዘርግታችሁ ይህንኑ ፈልጉ።

“ለልጆች ተስማሚ ከተማ” ሲባል መናፈሻ ያለው ማለት ነው?

መናፈሻው ጥሩ ነው፤ ግን ልጁ ወላጅ ሳይወስደው ይደርስበታል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው። እናንተ ቀኑን ትልቁ ከተማ ውስጥ ትውላላችሁ፤ ለእናንተ ይህች ከተማ በአብዛኛው ማደሪያ ናት። ልጆቹ ግን ሙሉ ኑሯቸው እዚያ ነው። ስለዚህ ከተማዋን በልጁ እግርና በልጁ ዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ከቤቱ በር ተነስታችሁ 400 ሜትር፣ ማለትም አምስት ደቂቃ ያህል ተራመዱ። ምን አገኛችሁ? ሱቅ፣ መጫወቻ፣ የጓደኛ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት? የእግረኛ መንገዱ ይቀጥላል ወይስ መሃል ላይ ይጠፋና መኪና መንገድ ላይ ያወጣችኋል? ዜብራ አለ? ካለስ ሾፌሮች ይቆማሉ?

የመኪና ፍጥነት ትልቁ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ የአገራት ሚኒስትሮች እግረኞችና መኪኖች በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳይበልጥ የጠየቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ሲያልፍ ሾፌሩ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል፤ የተገጨ ሰው የመትረፍ ዕድሉም በፍጥነት ይወርዳል። ምልክቱ ብቻ አይበቃም። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ ምልክቱን የሚያይ የለም። ጠበብ ያለ፣ የሚታጠፍ፣ የፍጥነት መቀነሻ ያለው መንገድ ፈልጉ።

ጉዳዩ አደጋ ብቻም አይደለም። የከተማ ንድፍ ተመራማሪው ዶናልድ አፕልያርድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን አጥንቶ ነበር። በቀን 2 ሺህ ገደማ መኪና በሚያልፍበት መንገድ የሚኖሩ ሰዎች፣ 16 ሺህ ገደማ ከሚያልፍበት መንገድ ነዋሪዎች ይልቅ በሰፈራቸው ሦስት እጥፍ ወዳጅ ነበራቸው። መኪና ሲበዛ ሰው ደጅ ላይ አይቆምም፤ ካልቆመ ደግሞ አይተዋወቅም። አዲስ ለሚገባ ቤተሰብ ጎረቤት ማለት ግማሽ ኑሮ ነው።

ይህን ሁሉ በዕቅድ የሠራ ከተማ ማየት ከፈለጋችሁ በኔዘርላንድስ ዩትሬክት አጠገብ ያለችውን ሃውተንን ተመልከቱ። መኪና ከሰፈር ሰፈር ለመሄድ ወጥቶ ከተማዋን በሚዞረው መንገድ ይሄዳል። ብስክሌትና እግረኛ ግን በመሃል በቀጥታ ያልፋሉ፤ ባቡር ጣቢያውም መሃል ላይ ነው። ሁሉም ከተማ ሃውተን አይሆንም። ምን መፈለግ እንዳለባችሁ ግን ታሳያለች።

አዲስ የሚገነባ ሰፈር ይሻላል ወይስ የቆየ ከተማ?

እኔ ወደ ቆየው አደላለሁ። በቆየ ከተማ የምታዩት ያለውን ነው። በአዲሱ የምትገዙት ግማሹን ተስፋ ነው፤ “እዚህ ትምህርት ቤት ይመጣል፣ እዚያ ጣቢያ ይሠራል”።

ሁለት ከተሞችን አወዳድሩ። ስቶክሆልም አጠገብ ያለችው ቬሊንግቢ መሃሏ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የምድር ውስጥ ባቡሩ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ገብቶ ነበር። ቶኪዮ አጠገብ በተሠራችው ታማ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ገቡ፤ ባቡሩ የደረሰላቸው በ1974 ነው። ሦስት ዓመት በታሪክ መጽሐፍ ላይ አንድ መስመር ነው። የአራት ዓመት ልጅ ላለው ወላጅ ግን ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ያለው ዕድሜ በሙሉ ነው።

የታማ ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል። የገቡት በአብዛኛው በአንድ ዕድሜ ላይ ያሉ ወጣት ቤተሰቦች ነበሩ። ልጆቹ አብረው አደጉ፣ አብረው ወጡ፤ ከዚያ የተማሪ ቁጥር ወርዶ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሰፈሩም አብሮ አረጀ። አዛውንትም፣ ወጣትም፣ ሕፃንም ያለበት ሰፈር ይሻላል። ልጆችን የሚያይ ዓይን ቀኑን ሙሉ አለ፤ ሱቁም ሥራ በሚሄዱ ሰዎች ብቻ አይንጠለጠልም።

አዲስ ሰፈር መግባት የግድ ከሆነ አንድ ደንብ ያዙ። ያለ ነገር እንጂ የሚመጣ ነገር ዋጋ ውስጥ አይገባም። ባቡሩ ዛሬ ከሌለ፣ እንደማይመጣ አድርጋችሁ ወስኑ። ቢመጣ ደስታ ነው።

መኪና የለንም። ወይም ያለን አንድ ብቻ ነው። ይቻላል?

ይቻላል፤ ከጣቢያው ወይም ከዋናው ፌርማታ በእግር አሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ማለትም 800 ሜትር ገደማ ከኖራችሁ። ከዚያ ሲርቅ በየቀኑ ሌላ ትራንስፖርት መጨመር ይመጣል። አንድ ተጨማሪ ለውጥ ደግሞ ከሚጨምረው ደቂቃ በላይ ያደክማል፤ መጠበቁ አለ፣ ማምለጡ አለ። ለዚህ ከሆነ አነስ ያለ ቤት ጣቢያው አጠገብ መያዝ፣ ሰፊ ቤት ራቅ ብሎ ከመያዝ ይሻላል።

ጣቢያ አጠገብ ስል አውራ ጎዳና አጠገብ ማለቴ አይደለም። ብዙ መኪና ከሚያልፍበት ጎዳና በጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ያለው አየር የተበከለ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ሳንባ ጥሩ አይደለም።

ልጅ ቢያመውና ሁለታችንም ሥራ ላይ ብንሆንስ?

ይህ ጥያቄ ከመዛወር በፊት መልስ ይፈልጋል። ከትምህርት ቤት ቀን 7 ሰዓት ላይ “ትኩሳት አለው፣ ውሰዱት” ተብሎ ይደወላል። እናንተ አንድ ሰዓት ርቃችኋል። በ20 ደቂቃ ውስጥ ደርሶ ልጁን የሚወስድ ሰው ማነው? ስሙን መጥራት ካልቻላችሁ ዕቅዱ ጎደሎ ነው። አያት፣ እህት፣ ሞግዚት፣ የታመነ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። አንዳችሁ እዚያው ከተማ ወይም በመንገዱ እኩሌታ ላይ ብትሠሩም ይፈታል።

በዚህ ምክንያት ወደ ዘመድ የምትጠጋ ከተማ ትንሽ ብትርቅም ብዙ ጊዜ ታሸንፋለች። ልጅ የሚይዝ አያት ሰፈር ውስጥ ካለ፣ በጉዞ ላይ አሥር ደቂቃ ቢጨመር አይቆጭም።

አብሮ የሚታይ ሌላ ነገር አለ። ከሁለታችሁ አንዱ ቤት የሚውል ከሆነ፣ የከተማዋን ክብደት የሚሸከመው እሱ ወይም እሷ ነው። ሥራ የሚሄደው ሰው ጓደኞቹን ትልቁ ከተማ ውስጥ ያገኛል። ቤት የቀረችው እናት ግን ማንንም በማታውቅበት ሰፈር ሕፃን ይዛ ትውላለች። ወጥታ የምትደርስበት ቦታ፣ የምታገኛት ሌላ እናት አለች ወይ? ውሳኔው ላይ የእሷ ድምፅ ከበድ ይበል።

በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው ቢሮ የምንገባው። ርቀቱ አሁንም ያሳስባል?

ያን ያህል አያሳስብም። በሳምንት አምስት ቀን 45 ደቂቃ የሚመላለስ ሰው ሰባት ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን 90 ደቂቃ የሚመላለስ ደግሞ ስድስት ሰዓት። ስለዚህ ራቅ ማለት ይቻላል። ግን የቤት ብድር ለረጅም ዓመታት ነው፤ የመሥሪያ ቤት መመሪያ በአንድ ደብዳቤ ይቀየራል። ነገ “በሳምንት አምስት ቀን ግቡ” ቢባል ትችላላችሁ? በጭራሽ የማይቻል ከሆነ አትግዙ፤ ተከራዩ። ከቤት ለሚሠራ ሰው ደግሞ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና መብራት መኖሩን፣ በር ዘግቶ የሚሠራበት ክፍል መኖሩን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

ልጆቻችን ጎረምሳ እየሆኑ ነው። ምን ይለያል?

ሁሉም ነገር። ለአምስት ዓመት ልጅ ገነት የሆነ ጸጥ ያለ ሰፈር ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እስር ቤት ሊሆንበት ይችላል። ጎረምሳ ስፖርት ይፈልጋል፣ ጓደኛ ይፈልጋል፣ ለብቻው ወጥቶ መመለስ ይፈልጋል። ማታ የሚሠራ ትራንስፖርት ከሌለ ወይ እናንተ ሾፌሩ ትሆናላችሁ፣ ወይ እሱ ማን እንደሚነዳው በማታውቁት መኪና ይመጣል። ቅዳሜ ማታ የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት እዩ። ቤት ስታዩ ልጁንም ይዛችሁት ሂዱ፤ አስተያየቱን ከልብ ስሙት። ጓደኞቹን ጥሎ የሚሄደው እሱ ነው።

ጤና ጣቢያ፣ ውሃ፣ ጎርፍ፣ ጸጥታስ?

ሕፃን ካለ ማታ ክፍት የሆነ የጤና ተቋም እስከ የት ድረስ እንዳለ እወቁ፤ በተለይ አስም ወይም ሌላ ክትትል የሚፈልግ ሕመም ካለ። ውሃና መብራት ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ ደላላውን አትጠይቁ፤ ግቢው ውስጥ የሚኖረውን ሰው ጠይቁ። ዝናብ ሲከብድ ውሃው የት እንደሚወርድ እዩ፤ ግድግዳ ላይ ያለ የውሃ መስመር ብዙ ይናገራል። ጸጥታውን ለማወቅ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሰፈሩን በእግራችሁ ዙሩ። ሴቶች ብቻቸውን ሲሄዱ ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው።

ባንሄድ የሚሻለው መቼ ነው?

ከሁለታችሁ አንዱ ሥራ ሊቀይር ከሆነ፣ ጠብቁ። አዲስ ሕፃን በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ከሆነ፣ ጠብቁ። የጉዞው ሸክም በሙሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ከወደቀና እሱም ከአሁኑ በድካም ላይ ከሆነ፣ ተዉት። እንዲሁም የምትሄዱት ከትዳር ጭቅጭቅ ለመሸሽ ከሆነ፣ ረጅም መንገድ ጭቅጭቅ ያመጣል እንጂ አይፈታም። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ እዚያው ትልቁ ከተማ ውስጥ ሁለት ሰፈር ራቅ ብሎ አንድ ክፍል የሚጨምር ቤት ቢያገኝ ይበቃዋል። ይህን ሳትሞክሩ አትውጡ።

ከመግዛታችን በፊት ተከራይተን እንሞክር?

የሚቻል ከሆነ አዎ፤ ቢቻል አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዝናቡም፣ ብርዱም፣ የፈተናው ሰሞንም፣ ሁለታችሁም ሥራ የሚበዛባችሁ ወርም ያልፋል። የምትከራዩት ልትገዙበት ባሰባችሁት ሰፈር ይሁን፤ የከተማዋ ሌላ ጫፍ ሌላ ከተማ ነው። ልጁ የሚገባበት ትምህርት ቤትም ብትገዙ የሚቀጥልበት ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ ተማሪ ይሆናል። የትምህርት ቤት ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት አስቀድማችሁ ጠይቁና የኪራይ ውሉን ከዚያ ቀደም ብላችሁ ፈርሙ። በአንዳንድ ቦታ የምዝገባ ቅጹ የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ያለ ውል ልጁን ማስመዝገብ አይቻልም።